ትምህርትና ሀብት ብቻ አይበቃም ተባልኩ፤ ባዮሎጂው የወሊድ ጥናት ውስጥ በየት በኩል ይገባል?

የማስተርስ ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በከተማና በገጠር ያለው የወሊድ መጠን ለምን ይህን ያህል እንደተራራቀ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ዲኤችኤስ) አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጅ ቁጥር በአገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል 7.2 ነው። ትምህርት፣ ሀብት፣ ሃይማኖትና የመኖሪያ ቦታ ያስገባሁበት ሪግሬሽን ሠርቻለሁ። አማካሪዬ ግን «ባዮሎጂው የታለ?» ብለው መለሱት።

ያልገባኝ ይህ ነው። የሰው ሰውነት አዲስ አበባም ጎዴም አንድ ነው። አንድ የሆነ ነገር ልዩነትን እንዴት ያስረዳል? ደግሞስ ከዲኤችኤስ መረጃ ላይ ባዮሎጂን በምን እለካለሁ? የደም ናሙና ያስፈልጋል ማለት ነው? እባካችሁ በቁጥር አስረዱኝ።

ቀመር፦

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ትምህርት በራሱ እርግዝና አይከለክልም። ትምህርት ጋብቻን ያዘገያል፣ መከላከያ ያስይዛል፣ ጡት የሚጠባበትን ጊዜ ያሳጥራል። እርግዝናው የሚመጣው ወይም የሚቀረው በእነዚህ በሮች በኩል ነው። ደግሞ ልብ በይ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ተቃራኒ ነው የሚሠራው፤ ጡት ማጥባት ሲያጥር ወሊድ ይጨምራል። አንቺ ሪግሬሽን ላይ የምታይው የትምህርት ቁጥር የእነዚህ ተቃራኒ ግፊቶች ድምር ስለሆነ የትኛው በር ምን ያህል እንደሠራ አይነግርሽም።

ዴቪስና ብሌክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1956 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እነዚህን በሮች አሥራ አንድ አድርገው ዘረዘሯቸው። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ቦንጋርትስ በ1978 ከነሱ ውስጥ አብዛኛውን ልዩነት የሚያመጡትን አራት ለይቶ ወደ ስሌት ለወጣቸው፦ ጋብቻ፣ መከላከያ፣ ጽንስ ማቋረጥ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው የማይፀነስበት ጊዜ። ቀመሩ ብዜት ነው። ከ15.3 ትነሺያለሽ፤ ይህ ሁሉም ሴቶች ከ15 ዓመት ጀምረው በጋብቻ ቢኖሩ፣ መከላከያ ባይጠቀሙ፣ ጽንስ ባያቋርጡ፣ ጡትም ባያጠቡ የሚወልዱት አማካይ ነው። ከሕዝብ ሕዝብ በ13 እና በ17 መካከል ይዋዥቃል። ከዚያ አራቱን መለኪያዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 1 የሆኑትን፣ ታባዢበታለሽ። 1 ማለት ምንም አልቀነሰም ማለት ነው።

«ሰውነት አንድ ከሆነ ልዩነትን እንዴት ያስረዳል» ላልሽው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው አንድ ነው፤ የሚለያየው ሰው ከጣሪያው ምን ያህል ዝቅ እንዳለና በየትኛው መንገድ እንደወረደ ነው። ጣሪያውን ሳታውቂ የወረደውን መለካት አትችይም።

አሁን የሁለት ወሊድ ክፍተትን ፈታ አድርገን እንየው። ጡት በማታጠባ ሴት ላይ ከወለደች በኋላ የማትፀንስበት ጊዜ 1.5 ወር ገደማ ነው። ከዚያ እስክትፀንስ በአማካይ 7.5 ወር ይፈጃል። በራሱ የሚወርድ ጽንስ የሚወስደው ተጨማሪ ጊዜ በአማካይ 2 ወር፣ እርግዝናው 9 ወር። ድምሩ 20 ወር። ጡት ስታጠባ የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ 18.5 ወር ሆነው ይቆያሉ። ስለዚህ የጡት ማጥባቱ መለኪያ 20 ለ (18.5 + የማይፀነስበት ወር) ሲካፈል ነው።

የማይፀነስበት ወር ከሌለሽና አማካይ የጡት ማጥባት ወር ብቻ ካለሽ እንዲህ ገምቺ፦ የወሩን ቁጥር በ0.1396 አባዢ፤ የወሩን ካሬ ደግሞ በ0.001872 አባዝተሽ ከዚያ ላይ ቀንሺ፤ ውጤቱን በኤክሴል የኤክስፖነንት ተግባር ውስጥ አስገብተሽ በ1.753 አባዢ። ለ24 ወር 17.0 ወር ይሰጥሻል፤ መለኪያው 0.563። ለ12 ወር 7.1 ወር፤ መለኪያው 0.780። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆምና ጡት ማጥባት ከ24 ወደ 12 ወር ቢያጥር ወሊድ በ38 ከመቶ ያድጋል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ግምት ከ37 ወር በኋላ ወደ ታች ይታጠፋል። ከዚያ በላይ የሆነ አማካይ ካጋጠመሽ ውጤቱን አትመኚ።

የማስተርስ ተማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ መለኪያ ከመከላከያው ጋር ሲጋጠም እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ቢታይልኝ።

ቀመር፦

የመከላከያው መለኪያ፦ 1 ሲቀነስ (1.08 × የተጠቃሚዎች ድርሻ × ውጤታማነት)። 1.08 የገባችው መካን የሆኑ ሴቶች መከላከያ ስለማይወስዱ፣ ተጠቃሚዎቹ መፀነስ ከሚችሉት ውስጥ የሚይዙት ድርሻ ከሚታየው ስለሚበልጥ ነው። ይህችም ባዮሎጂ ናት።

የ2016ቱ ዲኤችኤስ ላይ ካገቡ ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት 36 ከመቶ ናቸው። ውጤታማነቱን 0.90፣ የጋብቻ መለኪያውን 0.65፣ የጽንስ ማቋረጡን 1 ብለን እንያዝ (እነዚህ ሦስቱ ለልምምድ ብቻ ናቸው፣ ጥናትሽ ውስጥ እንዳታስገቢያቸው)። የመከላከያው መለኪያ 0.65 ይመጣል። 15.3 × 0.65 × 0.65 × 0.563 = 3.6። ጡት ማጥባቱ ወደ 12 ወር ቢያጥር 5.0። ወደ 3.6 ለመመለስ የመከላከያ ተጠቃሚው ከ36 ወደ 55 ከመቶ መድረስ አለበት። አገር ባለበት ለመቆም ብቻ ሃያ ከመቶ የሚጠጋ ሴት አዲስ ተጠቃሚ መሆን አለባት። ይህን ያላሰበ ተንታኝ «መከላከያ ተስፋፋ፣ ወሊድ ግን አልቀነሰም፤ ፕሮግራሙ ከሽፏል» ይላል። ፕሮግራሙ ግን የጠፋውን የጡት ሥራ ሲተካ ነበር።

አዋላጅ ነርስ፦

ከላይ ያለው ስሌት ደህና ነው፤ «ወር» የሚለው ቃል ግን ብዙ ነገር ይደብቃል፤ እሱን ልጨምር።

እንቁላል እንዳይለቀቅ የሚያደርገው ወተቱ አይደለም፤ መጥባቱ ነው። ሕፃኑ ጡቱን ሲስብ ከጡት ጫፍ የሚነሳው የነርቭ ምልክት አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ ይደርሳል። ሃይፖታላመስ በየተወሰነ ደቂቃ የሚልከው የሆርሞን ምት ይዛባል፤ እንቁላል የሚያስለቅቀው ሆርሞንም በሚገባው ልክ አይመጣም። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲንም፣ አብሮ ከፍ ይላል። ምልክቱ ግን ደጋግሞ መምጣት አለበት። ሁለት ሴቶች ሁለቱም «18 ወር አጥብቻለሁ» ሊሉ ይችላሉ። አንደኛዋ ሕፃኑን አዝላ ውላ፣ አቅፋው አድራ፣ ባለቀሰ ቁጥር የምታጠባ ናት። ሁለተኛዋ ጠዋት አጥብታ ሥራ ሄዳ፣ ቀን በጡጦ እየተመገበ ቆይቶ ማታ የምታጠባው ናት። የሁለተኛዋ የወር አበባ በጥቂት ወር ሊመለስ ይችላል። በመረጃው ላይ ግን ሁለቱም 18 ናቸው።

ይህን ከሁሉ በግልጽ ያሳየው በደቡባዊ አፍሪካ በካላሃሪ በረሃ በሚኖሩ የኩንግ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ በ1980 ታትሟል። እናቶቹ በቀን በየሰዓቱ 4 ጊዜ ገደማ ያጠባሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ሌሊትም ይጠባል። መከላከያ ሳይኖር የወሊድ ክፍተታቸው 44 ወር ገደማ ነበር።

ጡት ማጥባት እንደ መከላከያ የሚታመነው ሦስቱ ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑ ከጡት በቀር ሌላ ካልተሰጠው ወይም እጅግ ጥቂት ከሆነ። ያኔ ከመቶ 98 ያህል ይጠብቃል። ሕፃኑ ገና በ2 ወሩ የላም ወተት፣ አብሽ ወይም ስኳር ውኃ ከቀመሰ ግን ሦስተኛው ፈረሰ፤ የሚጠባበት ጊዜ ይቀንሳልና። ስለዚህ ዲኤችኤስ ላይ «አሁን ታጠባለች» የሚለውን ብቻ አትውሰጂ፤ ትናንት ቀንና ሌሊት ሕፃኑ ምን እንደተመገበ የሚጠይቁት መስመሮች አሉ፤ ጡት ብቻ የሚጠቡትን ለይተሽ አውጪ።

ሁለተኛው ነገር እኛ አገር በጣም የሚያሳስተው የሦስት ወር መርፌው ነው። ይህን መርፌ (ዲፖ) የወሰደች ሴት የወር አበባዋ ሊጠፋ ይችላል። ከወለደች በ6ኛው ሳምንት መርፌ የጀመረች እናት «ከወሊድ በኋላ የወር አበባሽ ተመልሷል?» ስትባል «አልተመለሰም» ትላለች። መልሷ እውነት ነው፤ ያስቀረው ግን መርፌው እንጂ ጡቱ አይደለም። እሷን ከሁለቱም ወገን ከቆጠርሻት፣ አንድ ሰውን ሁለት ጊዜ ከወሊድ ቀነስሽ። ደግሞ መርፌውን ያቆመች ሴት ወዲያው አትፀንስም፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና መካከለኛው ጊዜ 10 ወር ገደማ ነው። ያቆመችበትን ቀን የመፀነስ ዕድሏ የተመለሰበት ቀን አድርጎ መያዝ ሌላው ስሕተት ነው።

ቀመር፦

እጅግ ጠቃሚ ነው። ቦንጋርትስ በ2015 ቀመሩን ሲያሻሽል ያረመው አንዱ ነገር ይህንኑ መደራረብ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ገና መፀነስ የማይችሉ ተጠቃሚዎች ከመከላከያው ድርሻ ይወጣሉ። አዲሱን ተጠቀሚ። በድሮው ከሄድሽ ደግሞ የውጤታማነቱን ሠንጠረዥ ተጠንቀቂ፤ ማምከን 1.0፣ ሉፕ 0.95፣ ክኒን 0.90፣ «ሌሎች» 0.70 ይላል። ሠንጠረዡ የተሠራው መርፌና በክንድ የሚቀበረው ባልተስፋፉበት ዘመን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው መርፌው ነው። በስንፍና «ሌሎች» ውስጥ ከጣልሽው ውጤታማነቱ በትልቁ ይወርዳል። ለየብቻ ዋጋ ስጪያቸውና በተጠቃሚ ቁጥር መዝነሽ አማካይ አውጪ።

ዳታ ቤት፦

እኔ ደግሞ የመረጃ አያያዙን ልበል፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ ፋይሎች ቀኖች በእኛ ካሌንደር ነው የገቡት። የወር ቆጠራው ዓመቱ ላይ 1900 ቀንሶ በ12 አባዝቶ ወሩን መደመር ነው። ጥር 2008 ዓ.ም. (2008 − 1900) × 12 + 5 = 1301 ይሆናል። ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ 92 ወር ደምሪ፤ 1393፣ ጃንዋሪ 2016 ማለት ነው። ዕድሜና ክፍተት ስታሰይ ሁለቱም ቀኖች ከአንድ ፋይል ስለሚመጡ 92ቱ ይጣፋል፤ ችግር የለም። ከኬንያ ጋር ስታወዳድሪ ወይም ከዝናብ መረጃ ጋር ስታገናኚ ግን 92ቱን ካልጨመርሽ ጥናትሽ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይስታል። የራስሽን መጠይቅ የምታሠሪ ከሆነ ደግሞ የጳጉሜን ልጆች ወደ ነሐሴ እንዲገቡ አስቀድመሽ ለጠያቂዎቹ ንገሪያቸው፤ አለዚያ አንዱ ነሐሴ ሌላው መስከረም ይጽፋል፣ የዓመቱም ቁጥር አብሮ ይዘላል።

የወር አበባ ያልተመለሰበትን ጊዜ በማስታወስ የተነገረውን አትጠቀሚ። እናቶች 6፣ 12፣ 18፣ 24 ላይ ይከማቻሉ፤ ግራፉን ስታወጪ እንደ ምሰሶ ቆመው ታያቸዋለሽ። የአሁን ሁኔታን ተጠቀሚ፦ ቪ405 (የወር አበባ አልተመለሰም) ወይም ቪ406 (ከግንኙነት ታቅባለች) ከሁለቱ አንዱ የሆነላትን እናት ቁጠሪ። ያንን ቁጥር በወር በአማካይ ለተወለዱ ልጆች ቁጥር አካፍዪ። የሚመጣው በወር የተሰላ አማካይ የማይፀነስበት ጊዜ ነው። የወሊድ አማካዩን ከቅርብ ሦስት ዓመት ወስደሽ ለ36 አካፍዪ፤ የአንድ ወር ቁጥር ይንገላታል። የናሙናውን ክብደት (ቪ005) ለሚሊዮን አካፍለሽ መጠቀም አትርሺ።

አንድ ተጨማሪ፦ በመጠይቁ የጤና ክፍል የሚጠየቁት ባለፉት አምስት ዓመታት የተወለዱት ብቻ ስለሆኑ፣ አንዳንድ መረጃ ሰብሳቢ ሥራ ለማቅለል ልጁን ከአምስት ዓመቱ መስመር ባሻገር አንድ ዓመት ወደኋላ ይገፋዋል። በየዓመቱ የተወለዱትን ቆጥረሽ መስመሩ ላይ ጉድጓድ፣ ከዚያ ወዲያ ጉብታ ካየሽ ምክንያቱ ይህ ነው። በሕዝብ ባሕርይ ላይ የመጣ ለውጥ አድርገሽ እንዳትተረጉሚው።

የማስተርስ ተማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደም ማነስን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ላስገባው አስቤያለሁ፤ የምግብ እጥረት የመፀነስ አቅምን ይቀንሳል የሚል አንብቤ ነው። ደግሞ «ጂን»ን ያነሱልኝም አሉ። እነዚህ ይገባሉ?

የባዮሎጂ መምህር፦

ስለ ምግብ ሁለት ነገር ለዪ። ረሃብ ሲመታ ወሊድ ይወድቃል። በ1944–45 ክረምት በምዕራብ ሆላንድ ምግብ ሲቋረጥ ከዘጠኝ ወር በኋላ የተወለዱት ሕፃናት ወደ ግማሽ ወረዱ፤ ምግብ ሲመለስም ቶሎ አገገመ። ለዘመናት የዘለቀ መጠነኛ የምግብ ማነስ ግን ሌላ ነው። ሮዝ ፍሪሽ በ1970ዎቹ የሰውነት ስብ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ እንቁላል አይለቀቅም የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር። ቦንጋርትስ በ1980 መረጃውን ገምግሞ በመጠነኛ እጥረት ውስጥ ያሉ ሴቶች የመፀነስ አቅም የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ አሳየ። ስለዚህ ከሲታነትን የገጠር ወሊድ ማስረጃ አታድርጊው።

የደም ማነስ ላይ ደግሞ ለእኛ አገር የተለየ ወጥመድ አለ። የ2016ቱ ዲኤችኤስ ሄሞግሎቢንን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ለከፍታ ያስተካክላል። በ2,500 ሜትር ከምትኖር ሴት 1.3 ግራም በዴሲሊትር ገደማ ይቀነስባታል፤ 13.0 የተለካላት 11.7 ትሆንና ከ12 በታች ስለሆነች «ደም ማነስ» ትባላለች። ማስተካከያው የሚነሳው በከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ከሚለው ነው። ነገር ግን በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር በሚኖሩ አማሮች ላይ በ2002 የታተመው ጥናት ያገኘው አማካይ ለሴቶች 15.0፣ ለወንዶች 15.9፣ የኦክስጅን ሙሌቱም 95.3 ከመቶ ነበር። ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። ደማቸው ባልወፈረበት ሰዎች ላይ የውፍረት ቅናሽ ስታደርጊ ጤነኛዋን ሕመምተኛ ታደርጊያለሽ። በባሌ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ደግሞ ከአማሮቹ ከፍ ያለ ሆኖ ስለተገኘ፣ «የኢትዮጵያ ደገኛ» ብሎ አንድ ማስተካከያ ማበጀትም አይሆንም። ያልተስተካከለውንም የተስተካከለውንም አቅርቢ፣ ልዩነቱን በግልጽ አሳዪ።

ጂንን በሚመለከት፣ በ2016 በታተመ ትልቅ ጥናት ከመጀመሪያ ልጅ መውለጃ ዕድሜና ከልጆች ቁጥር ጋር የተያያዙ 12 የጂን ቦታዎች ተገኝተዋል፤ ተደምረው የሚያስረዱት ልዩነት ከ1 ከመቶ በታች ነው፤ ናሙናው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዴንማርክ መንትዮች ላይ የተሠራው የ1999 ጥናት ደግሞ የውርሱ ድርሻ ከትውልድ ትውልድ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ሰው ስንት ልጅ እንደሚፈልግ መምረጥ በማይችልበት ዘመን ጂን የሚያሳየው ነገርና መምረጥ በሚችልበት ዘመን የሚያሳየው አንድ አይደለም። የአዲስ አበባንና የሶማሌን ርቀት በጂን ለማስረዳት የሚያስችል ምንም ነገር የለም፤ ኮሚቴ ፊት ባታነሺው ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልታጣሪው የሚገባው መካንነት ነው። በጤናማ ሕዝብ ውስጥ 3 ከመቶ ያህል ሴቶች ፈጽሞ አይወልዱም። በመካከለኛው አፍሪካ፣ ከካሜሩንና ጋቦን እስከ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ይህ ቁጥር በጨብጥና በክላሚዲያ ምክንያት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። ተመራማሪዎች የባህል ጉዳይ የመሰላቸው ዝቅተኛ ወሊድ የማህፀን ቱቦ ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ቦታ 15.3 አይሠራም። ካገቡ ቢያንስ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን ወስደሽ ያልወለዱትን ድርሻ በየክልሉ አስዪ። ከ3 ብዙ የራቀ ክልል ካለ ለብቻው ያዢው።

ቀመር፦

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ፣ የአዲስ አበባው። በዲኤችኤስ የከተማዋ ቁጥር በ2000 1.9፣ በ2005 1.4፣ በ2011 1.5፣ በ2016 1.8 ነው። እስከ 2000 ያለውን መውረድ በዚሁ ቀመር የመረመሩት ሰዎች ያገኙት ትልቁ ድርሻ የጋብቻ መዘግየት ሲሆን መከላከያ ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ ያንቺ ሥራ ሁለት ደረጃ ይኖረዋል። በመጀመሪያ አራቱን መለኪያ ለአዲስ አበባና ለገጠር ለየብቻ አውጪ፤ የአንዱን ከሌላው አካፍዪና ሎጋሪዝሙን ውሰጂ፤ ብዜት የነበረው ድምር ስለሚሆን ከጠቅላላው ርቀት ስንት እጁ በጋብቻ፣ ስንት እጁ በመከላከያ እንደመጣ ይለያል። የጡት ማጥባቱ በተቃራኒ ምልክት ሊመጣ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ትክክል ነው። ከዚያ ትምህርትና ሀብትን በእያንዳንዱ መለኪያ ላይ ለየብቻ አስኪጂ።

የጋብቻ መለኪያው የድሮው ቀመር ከጋብቻ ውጭ ወሊድ የለም ብሎ ይነሳል። ገጠር ላይ ያን ያህል አያስቸግርሽም፤ ከተማ ላይ ግን ሳያገቡ ከጓደኛ ጋር ያሉትን ይዘላል። የ2015ቱ ማሻሻያ በቅርቡ ግንኙነት ያደረጉትን፣ ያረገዙትንና መከላከያ የያዙትን ሁሉ ያስገባል።

ጽንስ ማቋረጥ ላይ፣ መጠይቅ ላይ የሚነገረው ቁጥር ከእውነቱ በጣም ያነሰ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሕጉ ከላላ በኋላም ሴቶች ለጠያቂ አይናገሩትም። 1 ብለሽ ከያዝሽው፣ ቀመሩ የሰጠሽ ወሊድ ከተመዘገበው በልጦ የቀረው ትርፍ በከፊል የዚህ ነው። ትርፉን በሙሉ ለሱ አትስጪ፤ የዳታ ስሕተትም ውስጡ አለ። አንድ ጽንስ ሲቋረጥ የሚቀረው ወሊድ 0.4 ገደማ ነው፣ መከላከያ ከተከተለው 0.8። 1 ያልሆነው ጽንሷ የተቋረጠባት ሴት ከወለደችውና ከምታጠባው ይልቅ ቶሎ ወደ መፀነስ አቅሟ ስለምትመለስ ነው።

የማስተርስ ተማሪዋ፦

ገባኝ። የ2016ቱን ፋይል ከፍቼ በቪ405 እጀምራለሁ። አዋላጅዋ ያሉትን የመርፌ ተጠቃሚዎች መጀመሪያ ለይቼ ላውጣ ወይስ ስሌቱን ከጨረስኩ በኋላ ላርም?

አዋላጅ ነርስ፦

መጀመሪያ ለዪያቸው። ከወለዱ 24 ወር ያልሞላቸውን እናቶች ውሰጂ፤ የወር አበባ ያልተመለሰላቸውን መርፌ በሚወስዱና በማይወስዱ ክፈያቸው፣ በየወሩም ደርድሪያቸው። የማይወስዱት መስመር በዝግታ እየወረደ ይሄዳል። የሚወስዱት መስመር ከ6ኛው ወር በኋላም ቀጥ ብሎ ከቆመ የመርፌው ሥራ ነው፤ እነዚያን ወደ መከላከያው አሻግሪያቸው።

ዳታ ቤት፦

ስትከፍዪ የናሙናውን ቁጥር እያየሽ። አዲስ አበባ ላይ በየወሩ የሚቀርሽ እናት ጥቂት ስለሆነ ሦስት ሦስት ወር አንድ ላይ አድርጊያቸው።